የሰማይ ፎቶ ስታትሙ ከሥሩ እንዴት እንደተነሳ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ የደብዳቤ ዓምድ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ሰማይ ፎቶዎች የጻፉትን አነበብኩት። ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው። ያ ቀይና ሰማያዊ ደመና፣ ያ ጠመዝማዛ ጋላክሲ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ የተቀባ ነው። እኛ ቀና ስንል የምናየው ጥቁር ሰማይና ነጭ ነጥብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰው እየተሞኘ ነው። እናንተ ደግሞ ከደብዳቤው ጎን አንድ ፎቶ አትማችኋል፤ ሦስት ትልልቅ የአቧራ ዓምዶች ቆመው የሚታዩበትን። ከሥሩ አንዲት ቃል የለም። ማን አነሳው? በምን? የት ያለ ነገር ነው? ዝም።

እኔ የምኖረው አዳማ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ካሜራ ይዘው ከከተማ ከሚወጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል። ልጆችም በየጊዜው «የትኛውን ቴሌስኮፕ ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ያንንም እዚሁ ልመልስ። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

መጀመሪያ ያተማችሁት ፎቶ። የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በእኛ በ1987 ዓ.ም. ያነሳው ነው። ቦታው ንስር ኔቡላ የሚባል በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው፣ ከኛ ወደ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ፎቶው በቀለም አልተነሳም። በሦስት ማጣሪያዎች ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ተነሱ። አንዱ የሰልፈርን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፣ አንዱ የሃይድሮጂንን፣ አንዱ የኦክስጅንን። ከዚያ ለሰልፈሩ ቀይ፣ ለሃይድሮጂኑ አረንጓዴ፣ ለኦክስጅኑ ሰማያዊ ተሰጣቸው። ይሄን ማንም ደብቆት አያውቅም፤ ምስሉን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ያንኑ ኔቡላ ተራ የቀለም ካሜራ ቢያነሳው በብዛት ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው። እናም ደብዳቤ ጸሐፊው ስለ ቀለሙ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ዓምዶቹ ግን አሉ። ጋዝና አቧራ ናቸው፣ ቦታቸው ይታወቃል፣ እዚህ አዳማ ከክረምት በፊት ባሉት ወራት ከንጋት በፊት ከራሳችን በላይ ከፍ ብለው ያልፋሉ። ይቺን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃችሁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ዓይናችን የማያየውን ካሜራው እንዴት ያየዋል?

ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም። በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ የደረሰውን አይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በጨለማ ደግሞ ቀለም የሚለየው የዓይናችን ክፍል ሥራ ያቆማል፤ ለዚህ ነው ሌሊት ሁሉም ነገር ግራጫ የሚሆነው። ካሜራ ግን ሸተሩን፣ ማለትም የብርሃን መግቢያ በሩን፣ ከፍቶ ቁጭ ይላል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል)፣ እያለ ለሰዓታት። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በጨለማ ቦታ በባዶ ዓይን ብዥ ያለች ነጠብጣብ ሆና ትታያለች። በካሜራ ግን ስፋቷ 3 ዲግሪ ይሆናል፣ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር ማለት ነው። ሁሌም እዚያው ነበረች፤ ጠርዟ ደብዛዛ ስለሆነ ነው ያላየነው። ብርሃኗ ከተነሳ ወደ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ሉሲ ሐዳር ላይ ከሞተች ብዙ ቆይቶ ነው ጉዞ የጀመረው፤ እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ቁም ነገሩ ብርሃን ለማጠራቀም ጊዜ ያስፈልጋል፣ ምድር ደግሞ አትቆምልንም። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንዴ ትዞራለች። ተራ ካሜራ ላይ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሰክታችሁ ኦሪዮን ወደሚባለው የኮከቦች ስብስብ ብታዞሩት አንድ ኮከብ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። አስር ሰከንድ ከቆያችሁ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞር ማሽን ያስፈልጋል። ትንሹን ትራከር ይሉታል፣ ትልቁን ኢኳቶሪያል ማውንት። ልጆቹ የሚጠይቁኝ ስለ ቴሌስኮፕ ነው፤ እኔ የምመልስላቸው ስለዚህ ማሽን ነው። ብር ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት። ይሄን ደጋግሜ ስለምናገር የሰለቸሁት ሰው ብዙ ነው መሰለኝ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳጥኑ ላይ የሀብል ፎቶ ተለጥፎበት «675 ጊዜ ያጎላል» የሚል ቀጭን ቴሌስኮፕ አለ። እሱን አትግዙ። የአንድ ቴሌስኮፕ ጥቅም ያለው የማጉላት ጣሪያ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ 120 ጊዜ። ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው። ደግሞም ለዚህ ዓይነት ፎቶ ማጉላት ዋናው ጉዳይ አይደለም። አንድሮሜዳን የሚያክል ነገር በ135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራው ውስጥ ተመቻችቶ ይገባል፣ ዙሪያውም ይተርፋል። ጋላክሲውን አጠገቤ አቅርቡልኝ ማለት አያስፈልግም፤ ብርሃኑን ረጋ ብሎ መሰብሰብ ነው።

ታዲያ በምን ይጀመር? ያገለገለ ዲኤስኤልአር ካሜራ፤ ካኖን ይሁን ኒኮን ግድ የለም። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ያቺ ርካሿ ኤፍ 1.8፤ ግን መክፈቻዋ ወደ 2.8 ወይም 4 ጠበብ ተደርጎ፣ ያለዚያ ጥግ ላይ ያሉ ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። ጠንካራ ትራይፖድ። ከዚያ ትራከር። ካሜራ ከሌላችሁ የሰርግ ፎቶ አንሺ ጓደኛ ፈልጉ፤ አዳማ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ የማያውቅ ሰው የለም። ሰርገኛ ቅዳሜና እሑድን ይይዝባችኋል፣ በጾም ግን ሰርግ የለም። በዐቢይ ጾም የፍኖተ ሐሊብ መሐል ከንጋት በፊት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይወጣል። በነቢያት ጾም ደግሞ ኦሪዮን እኩለ ሌሊት አካባቢ አናታችን ላይ ነው። ካሜራው ሥራ ፈቶ የሚቀመጥበትና ሰማዩ የሚያምርበት ጊዜ መገጣጠሙ የኛ አገር ዕድል ነው።

ቴሌስኮፕ መግዛት ግድ ካላችሁ ትንሽ ይሁን። ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ አጭር፣ ጥሩ መስታወት ያለው ሪፍራክተር፣ ማለትም ብርሃን የሚሰበስበው በፊት ሌንሱ የሆነ ቴሌስኮፕ። ባለ 200 ሚሊ ሜትር መስታወት ትልቅ ቱቦ ደካማ ማውንት ላይ የጫነ ሰው አውቃለሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ፎቶው ይንቀጠቀጣል። አዳማ ነፋስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉት፣ እግሮቹን አታስረዝሙ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥሉ፣ መኪና ካለ ከመኪናው ጀርባ ተከለሉ።

ኤዲቲንግ የሚባለው ነገር ላይ ልምጣ፤ ጸሐፊው «ቅብ» ያሉት እሱን ነውና።

አንድ ፍሬም ብቻውን ሲታይ አስቀያሚ ነው። ጨለማ፣ ነጠብጣብ የበዛበት፣ የከተማ መብራት ያደበዘዘው። ስለዚህ አንድ ፍሬም አይነሳም፤ ብዙ ይነሳል፣ ከዚያ ሶፍትዌር ኮከቦቹን እያገጣጠመ አማካዩን ያወጣል። ስታኪንግ ይባላል። መናኸሪያ ጫጫታ ውስጥ ረዳቱ «አሰላ! አሰላ!» ሲል አስቡት። አንዴ ከሆነ ላትሰሙት ትችላላችሁ። ደጋግሞ ሲለው ግን ጫጫታው በየጊዜው ይለዋወጣል፣ «አሰላ» ግን ያው ነው፣ እና ጆሮ ይለየዋል። በቁጥር ሲባል፣ 4 ፍሬም ሲደመር ጥራቱ 2 እጥፍ ይሻሻላል፣ 100 ፍሬም ሲሆን 10 እጥፍ። 20 እጥፍ ለመድረስ ግን 400 ፍሬም ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው አንዱን ኔቡላ በተለያዩ ሌሊቶች እየተመላለሰ የሚያነሳው።

ወደ ቦሌ የሚመጣ አውሮፕላን ፎቶው መሐል ሰረዝ ጥሎ ቢያልፍስ? ሳተላይትስ? ሶፍትዌሩ ያን ነጥብ በሁሉም ፍሬሞች ያነጻጽረዋል። በአንዱ ላይ ብቻ ከልክ በላይ ያበራውን ይጥለዋል። አንድ ነገር በሁሉም ፍሬም ላይ ካልተገኘ አይታመንም ማለት ነው። ይሄ ከቅብ ጋር ምን ያገናኘዋል? ውሸቱን የሚያስወጣ ሥራ እኮ ነው።

ከዚያ የካሜራው የራሱ ችግሮች አሉ። አዳማ ሙቀት አለ፤ ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ሲሞቅ ሰማይ ላይ የሌሉ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ይፈጥራል። ይሄ የሙቀት ጣጣ በየ6 ዲግሪው ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ትልቅ ጥቅም አለው። መድኃኒቱ ሌንሱን ከድኖ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ርዝመት ፍሬሞች ማንሳት ነው። ዳርክ ፍሬም ይባላሉ፤ ሶፍትዌሩ ከዋናው ይቀንሳቸዋል። ሁለተኛው የሌንሱ ጥግ መጨለምና አቧራ ነው። አቧራ ደግሞ አዳማ ሞልቷል። ለእሱ ፍላት ፍሬም አለ። ንጋት ላይ ሰማዩ ሲገረጣ ነጭ ነጠላ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ሌንሱ ላይ ወጠር ማድረግ፣ ፎከሱን ሳትነኩ፣ ካሜራውን ሳታዞሩ ጥቂት ማንሳት። ውጭ ያሉት በነጭ ቲሸርት ነው የሚሠሩት፣ ነጠላ ግን ይበልጣል፤ ስስ ነው፣ ብርሃኑን እኩል ያሰራጨዋል። ጥለቱ ብቻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ፋይሉ ሲከፈት አሁንም ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ «ምንም አልመጣልኝም» ብሎ ይተወዋል። ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ባለ 14 ቢት ሲሆን 16,384 የብርሃን ደረጃ ይይዛል፤ ተጨምቆ የሚቀመጠው የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ 256 ብቻ። የኔቡላው ብርሃን ከነዚያ ሁሉ ደረጃዎች ታችኛው ጥግ ላይ ተጨናንቆ ነው ያለው። እሱን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት ስትሬች ይባላል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በሮው አንሱ የምለው፤ በጄፔግ ካነሳችሁ የሚነሳው ነገር ቀድሞ ተጥሏል። ስትሬች ሲደረግ የጨለመው ሁሉ በአንድ ሕግ ይነሳል። አንድ ሰው ብሩሽ ይዞ «እዚህ ጋ ቀይ ይሁን» አይልም።

ቀለሙም ቢሆን በስሜት አይደለም የሚመረጠው። ሲሪል የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ፎቶው ውስጥ ያሉትን ኮከቦች ለይቶ ያውቃቸዋል፣ ከኮከብ ካታሎግ ላይ የተለካ ቀለማቸውን ያመጣል፣ ከዚያ የፎቶውን ሚዛን በነሱ ያስተካክላል። ኦሪዮን ኔቡላ ቀይ የሚሆነው ሃይድሮጂን 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ስለሚያበራ ነው። እንዲያውም ተራ ካሜራ ይሄን ቀይ አጉድሎ ነው የሚያሳየው፤ ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ አብዛኛውን ያግደዋል። አንዳንዶች ማጣሪያውን በባለሙያ ያስነሱታል። ያኔ ካሜራው የሰርግ ፎቶ ላይ ሁሉንም ሰው ቀይ ያደርጋል፣ ስለዚህ የጓደኛችሁን ካሜራ እንዳታስነሱ።

ፒክስኢንሳይት የሚባል የሚከፈልበት ፕሮግራም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ለጀማሪ አያስፈልግም። ለስታኪንግ ዲፕስካይስታከር ወይም ሲሪል፣ የከተማ ብርሃን ያመጣውን መዛባት ለማስተካከል ግራክስፐርት፣ ለመጨረሻው ማሳመሪያ ጊምፕ። አራቱም ነፃ ናቸው። የሚያስቸግረው ላፕቶፑ ነው፤ ሃርድ ዲስክና ራም ይበላል። ፍሬሞቹን ጭናችሁ ተኙ፣ ጠዋት ታገኙታላችሁ። መብራት ካልሄደ።

ለመሆኑ የውሸት የሰማይ ፎቶ የለም? አለ፣ ሞልቷል። ጸሐፊው እሱን ቢያነሱ ኖሮ አብሬያቸው በጮኽኩ ነበር። የፍኖተ ሐሊብን ደማቅ መሐል ከሌላ ፎቶ ቆርጦ ወደ ሰሜን በሚያይ ተራራ ላይ የሚለጥፍ አለ። ያ መሐል ከኛ አገር ሲታይ ከፍ ብሎ የሚያልፈው በደቡብ በኩል ነው፤ በሰሜን ተራራ ላይ ካያችሁት ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርጎ በአንድ ታዋቂ ስልክ አነሳው፤ ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ አወጣለት። ኖይዝ (የምስል ነጠብጣብ) እናጠፋለን፣ ኮከብ እናሾላለን የሚሉ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎች አሁን እኛም ዘንድ ገብተዋል፣ ብዙ ሰው ይጠቀማቸዋል፣ ክርክሩም አላለቀም። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ከተሰበሰበው ብርሃን ላይ መቀነስ፣ ማመጣጠን፣ ማንሳት፣ ይሁን። ካሜራው ያልሰበሰበውን መጨመር ግን ሥዕል ነው፣ ሥዕል ከተባለ ችግር የለም፣ ፎቶ ከተባለ ነው ጠቡ።

ስለ ቦታችን ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም በውጭ ሰዎች የተዘጋጀ መመሪያ ተከትለው የሚቸገሩ ልጆች አሉ። መመሪያው «የሰሜን ኮከብን ፈልግ፣ ማውንቱን ወደ እሱ አስተካክል» ይላል፤ የማውንቱ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር እንዲገጥም ነው። አዳማ 8 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ነች፤ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው የሚውለው። ዛፍ ይከልለዋል፣ ኮረብታ ይከልለዋል፣ አቧራ ይውጠዋል። ሐዋሳ ያሉት ደግሞ 7 ዲግሪ ላይ ናቸው፣ እነሱ ይባሱ። በዚያ ላይ የደቡቡን ሰማይ ለማንሳት ወደ ሶደሬና ዴራ አቅጣጫ ከወጣችሁ የከተማው ብርሃን ከጀርባችሁ ይሆናል፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሰሜን ኮከብ የሚገኘው እዚያው ብርሃን ውስጥ ነው። መፍትሔው ኮከቡን መተው ነው። ኒና የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሰማዩን በሦስት ቦታ አንስቶ ማውንቱ ምን ያህል እንደተዛባ ያሰላል፤ የሰሜን ኮከብ ባይታይም ግድ የለም። ላፕቶፕ ይዞ መውጣት ካልተመቸ ድሪፍት የሚባለው የድሮ ዘዴ አለ። ኮከብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተት እያዩ ማስተካከል ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይሠራል።

ማውንት ስትገዙ ደግሞ አንድ ነገር እዩ። አንዳንድ ትልልቅ ማውንቶች የኬክሮስ ማስተካከያቸው ከ10 ዲግሪ ነው የሚጀምረው። አዳማ ከዚያ በታች ነች። የትራይፖዱን አንድ እግር ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ሳትገዙ ብታውቁት ይሻላል። የሚዛኑ ዘንግም በኛ ኬክሮስ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል አንዳንዴ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፤ እሱ ያለው ሌላ አገር ነው።

በቅርብ ዓመታት የመጡት ስማርት ቴሌስኮፖችም አሉ። ሲስታር ኤስ50ን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 250 ሚሊ ሜትር ፎካል ርዝመት፣ ካሜራው ውስጡ ነው፣ በስልክ ይታዘዛል፣ ስታኪንጉንም ራሱ ይሠራል፤ ሲወጣ ውጭ ወደ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ትምህርት ቤት የሥነ ፈለክ ክበብ ካለው ይሄንን እመክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። በተለመደው አቀማመጡ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ሰማዩ ፎቶው ውስጥ ይዞራል፤ አናት ላይ ሲሆን መዞሩ ይብሳል። ኦሪዮን ደግሞ እኛ ጋ አናት አካባቢ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ምሥራቅ ሳለ ወይም ወደ ምዕራብ ካዘነበለ በኋላ አንሱት፤ ያኔ እምብዛም አይዞርም።

አቀማመጣችን ያሳጣን ምቹ የሰሜን ኮከብ ብቻ ነው፤ የሰጠን ብዙ ነው። አውሮፓ መሐል ያለ ሰው ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን ግዙፍ የኮከቦች ክምችት ከቤቱ ሆኖ በፍጹም አያየውም። እኛ ጋ ከአድማስ 34 ዲግሪ ይወጣል። ትልቁ የማጌላን ደመናም በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ገደማ በደቡብ በኩል 12 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፣ አድማሱ ከተገለጠ። አንድሮሜዳም አለን፣ የደቡብ መስቀልም አለን። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እያስተያዩ ዘመን ሲቆጥሩ የኖሩት ያለ ምንም መሣሪያ ነው፤ ሰማዩ ጨለማ ነበር። ዛሬ አዳማ ላይ የሆቴሎቹና የዋናው መንገድ መብራት ወደ ላይ ይረጫል። የድሮው ቢጫ የሶዲየም አምፖል ብርሃኑ በአመዛኙ ባንድ ጠባብ ቀለም አካባቢ ስለነበር በማጣሪያ ይቀነስ ነበር፤ ነጩ ኤልኢዲ ግን ሁሉንም ቀለም ይዞ ይመጣል። ሰፈሩን ሙሉ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ይራገማል፣ እኔ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ይቅር በሉኝ።

ሰው «ይሄ እንጦጦ ላይ ለሚሠሩት ነው» ይለኛል። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ ክብር ለሠሯቸው። ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ያገለገለ ካሜራና ትራከር ያለው ልጅ በአንድ ጥሩ የታኅሣሥ ሌሊት የሚያወጣው የኦሪዮን ኔቡላ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ታትሞ የማያሳፍር ነው። ከመውጣቱ በፊት ግን ለአካባቢው ሰዎችና ለቀበሌው ይንገር። ሌሊት ሜዳ ላይ ቀይ ባትሪ ይዞ ማሽን የሚያዞር ሰው ጥያቄ ያስነሳል፤ ትክክልም ናቸው።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። የሰማይ ፎቶ ስታትሙ ከሥሩ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተነሳ፣ በምን ሌንስ ወይም ቴሌስኮፕ፣ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ብርሃን እንደተሰበሰበ፣ ቀለሙ የተፈጥሮ ነው ወይስ እንደ ሀብሉ የተሰጠ፣ ከሌላ ፎቶ የተጨመረ ነገር አለ ወይስ የለም፣ ጻፉ። ረጅም አይደለም። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ኦሪዮን ኔቡላ፤ ከአዳማ በስተደቡብ፤ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ በትራከር ላይ፤ ባለ 60 ሰከንድ 120 ፍሬም፣ በድምሩ 2 ሰዓት፤ የተፈጥሮ ቀለም፤ በሲሪል የተቀናበረ፤ የተጨመረ ነገር የለም።» ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ይሄን መመለስ ካቃተው አታትሙለት። ከተጠራጠራችሁ አንዱን ጥሬ ፍሬም ጠይቁት፤ ያነሳ ሰው አይጠፋውም። ደብዳቤ ጸሐፊውም ፈቃደኛ ከሆኑ ጥሬውንና የተጠናቀቀውን ጎን ለጎን አድርጌ ለዝግጅት ክፍላችሁ እልካለሁ፣ ሁለቱንም አብራችሁ አትሙልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዳማ